የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው፦ ተክል በብረት ላይ ተተክሎ ብረት የሚያጣው ለምንድን ነው?

ከአናቱ የወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ጅማቶቹ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል፤ የገረጣው በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ነው። ከታች ያሉት ያረጁ ቅጠሎች ምንም አልሆኑም። ያየ ሁሉ «ብረት አንሶታል» ይላል። ብረት ያለበት ማዳበሪያ ተገዝቶ ሥሩ ላይ ይበተናል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አንድ ሳምንት ይጠበቃል፣ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። አዲስ ቅጠል ይወጣል፤ እሱም ቢጫ ነው።

«ብረት አንሶታል» ያለው ሰው አልተሳሳተም፤ ተክሉ በእርግጥ ብረት አጥቷል። ስህተቱ «እንግዲያው እንጨምርለት» የሚለው ላይ ነው። አፈሩ ውስጥ ብረት አላነሰማ!

ሒሳቡን እንየው። ብረት ከምድር ቅርፊት ክብደት 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ከኦክስጅን፣ ከሲሊከንና ከአሉሚኒየም ቀጥሎ አራተኛው ነው። በአንድ ሄክታር ላይ ማረሻ የሚደርስበት የላይኛው አፈር ወደ 2,000 ቶን ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 3 በመቶው ብረት ነው ብንል 60 ቶን ይሆናል። አንድ ሰብል በአንድ ወቅት ከዚያው ሄክታር የሚወስደው ብረት ግን ቢበዛ 1 ወይም 2 ኪሎ ግራም ነው። 60 ቶን ላይ ቆሞ 1 ኪሎ ያጣ ተክል! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ብረት ከየት እናምጣ?» ሳይሆን «ያለውን ብረት ምን ያዘው?» ነው። ይህ ልዩነት ካልገባ ብዙ ገንዘብ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ብረት ለተክል ምን ያደርግለታል?

ብዙ ሰው ብረት የክሎሮፊል አካል ይመስለዋል። ክሎሮፊል ማለት ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና የፀሐይን ብርሃን የሚቀበለው ቀለም ነው። በመሃሉ የተቀመጠው ማዕድን ግን ማግኒዚየም እንጂ ብረት አይደለም። ብረት የሚያስፈልገው ቀለሙ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ክሎሮፊልን ደረጃ በደረጃ ከሚገነቡት ኢንዛይሞች መካከል ያለ ብረት የማይሠሩ አሉ። ጨርቅ ውስጥ መወርወሪያ አይገኝም፤ ያለ መወርወሪያ ግን ጨርቅ አይሸመንም።

ሁለተኛው ሥራው ቅብብሎሽ ነው። ብረት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወዲያው ለሌላው ማሳለፍ ይችላል። ቅጠል የፀሐይን ጉልበት ወደ ምግብነት ሲለውጥ (ይህን ሂደት ፎቶሲንተሲስ ይሉታል) ኤሌክትሮኖች ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ ባልዲ ይሄዳሉ፤ በሰልፉ ላይ የቆሙት እጆች አብዛኞቹ ብረት የያዙ ናቸው። ከሂደቱ ክፍሎች አንዱ፣ ፎቶሲስተም አንድ የሚባለው፣ ብቻውን 12 የብረት አቶሞች አሉት። ከቅጠሉ ብረት አብዛኛው የሚገኘውም ክሎሮፊሉ በተቀመጠባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ቢጫ የሆነው ቅጠል መልኩ ብቻ አይደለም የተበላሸው፤ ምግብ የሚያበስልበት እሳት ቀዝቅዟል።

ጥራጥሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። እንደ አኩሪ አተርና ቦሎቄ ያሉ ሰብሎች በሥራቸው እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ብረት በጣም ይፈልጋል። ብረት ያጣ አኩሪ አተር እንግዲህ ናይትሮጅንም ሊያጣ ነው።

በዚያ ላይ ብረት እንደ ፍም ነው፤ ያለ መያዣ አይነካም። ሕዋስ ውስጥ ልቅ ሆኖ ከተገኘ ሕዋሱን የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶችን ይፈጥራል። ተክሉ ትርፉን ፌሪቲን በሚባል፣ እንደ ጎተራ ክፍት ሆድ ባለው ፕሮቲን ውስጥ ዘግቶ ያስቀምጠዋል።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ የብረት እጥረት ነው?

አይደለም። ብዙ ጊዜም አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የትኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ ነው።

ተክል አንዳንድ ንጥረ ነገሮችን ካረጀ ቅጠል ነቅሎ ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላል። ናይትሮጅንና ማግኒዚየም እንዲህ ናቸው፤ ሲያንሱ አሮጌው ተራቁቶ ለጋው ይጠግባል፣ ቢጫነቱም ከታች ይጀምራል። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። በቂ ብረት በነበረበት ጊዜ የወጡት የታች ቅጠሎች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፣ አዲስ የሚወጣው ይገረጣል። ሲከፋ ጅማቱም ይጠፋና ቅጠሉ ወደ ነጭነት ይሄዳል፣ ጠርዙ ይደርቃል። ይህን መገርጣት ባለሙያዎች ክሎሮሲስ ይሉታል።

የሚያምታታው ማንጋኒዝ ነው፤ እሱም ሲያንስ ለጋ ቅጠል ላይ፣ በጅማቶች መካከል ይታያል፤ ነገር ግን በጅማቱ ዳርና በቢጫው መካከል ያለው ድንበር ደብዘዝ ይላል። ዚንክ ሲያንስ ቅጠሉ ከመገርጣቱም ሌላ ትንሽና ጠባብ ሆኖ ይወጣል። በዓይን ብቻ መለየት ለለመደም ሰው ይከብዳል። በዚያ ላይ እነዚህ እጥረቶች በአንድ ዓይነት አፈር ላይ አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ርካሽና አስተማማኝ የሆነ ሙከራ ግን አለ። በአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም ያህል የብረት ሰልፌት ይሟሟና ከቢጫው ቅጠል ግማሹ ብቻ ይቀባል፤ ግማሹ እንዳለ ይተዋል። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ የተቀባው ጎን ነጠብጣብ እየሆነ ከለመለመ የጎደለው ብረት ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ኧዜብ ግሪ በ1840ዎቹ የገረጡ ተክሎችን በብረት ጨው መልሶ ማለምለም እንደሚቻል አሳይቷል። ጀርመናዊው ዩልየስ ዛክስ ደግሞ በ1860 ተክሎችን ያለ አፈር፣ ማዕድን በተሟሟበት ውሃ እያሳደገ ብረት የግድ አስፈላጊ መሆኑን አረጋገጠ። ክሎሮሲስ መድኃኒት ከተገኘለት 180 ዓመት ያህል ሆኖታል፤ መድኃኒቱን በሥር በኩል ማድረስ ነው እስካሁን ሰውን የሚያደክመው።

ታዲያ 60 ቶኑ የት ገባ?

የትም አልሄደም፤ ዝጓል። ብረት አየርና ውሃ ባለበት ሁሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዝገት ይሆናል፤ ለአፈር ቀይና ቡናማ መልክ የሚሰጠውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ተክል ደግሞ ጥርስ የለውም። ሥር ውስጥ የሚገባ ማዕድን ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መሟሟት አለበት፤ ዝገት ደግሞ አይሟሟም ማለት ይቻላል።

«ማለት ይቻላል» ያልኩት ፒኤች ስላለ ነው። ፒኤች የአንድን ነገር አሲዳማነት የሚለካ ቁጥር ነው፤ 7 መሃል ቤት ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይ ይባላል። የአፈሩ ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ከዝገት ወጥቶ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ልቅ ብረት በ1,000 እጥፍ ይቀንሳል። በግማሽ ወይም በሩብ አይደለም፣ በ1,000 እጥፍ ነው። ፒኤች 5 የሆነን አፈርና ፒኤች 8 የሆነን አፈር ብናነጻጽር ልዩነቱ 1,000 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ አንድ ቢሊዮን እጥፍ ይመጣል። ፒኤቹ 8 አካባቢ በሆነ አፈር ውስጥ ያለ ሌላ እርዳታ የሚሟሟው ብረት ተክሉ ከሚፈልገው ቢያንስ በመቶ እጥፍ ያንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንያዝ፤ በኋላ ይመለሳሉ። ብረት አፈር ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ፌረስ ነው፤ በቀላሉ ይሟሟል፣ ነገር ግን አየር ካገኘው አይቆይም። ሌላው ፌሪክ ነው፤ ዝገት ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ በጭንቅ ይሟሟል። አየር በሚገባው አፈር ውስጥ ፌረሱ ሁሉ ወደ ፌሪክ ይሄዳል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል።

የዛገ ምስማር ከተክል ሥር መቅበር የማይረዳውም ለዚህ ነው። ምክሩ ዓለም ላይ ሁሉ ይዞራል፤ ማን እንደጀመረው እንጃ። ምስማሩ የሚሰጠው ዝገት ነው፤ አፈሩ ውስጥ 60 ቶን ያለው ደግሞ ያው ዝገት ነው።

ከአፈሮች ሁሉ ክፉው ኖራማ አፈር ነው፤ ይህም በውስጡ የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) ያለበት አፈር ማለት ነው። ከዓለም የየብስ ገጽ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያለ አፈር እንደሆነ ይገመታል። ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.5 ነው፣ ማለትም ብረት እጅግ በማይሟሟበት ክልል። ኖራው አሲድ በመጣ ቁጥር ስለሚያከሽፈው ፒኤቹ በቀላሉ ከቦታው አይነቃነቅም። አፈሩ ኖራማ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት የቀጠነ አሲድ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ኖራ ካለ ተንፈቅፍቆ አረፋ ያወጣል።

ዝናብ ሲበዛ ለምን ይብሳል?

ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ማሳው ደህና ቆይቶ ከከባድ ዝናብ ወይም ከተትረፈረፈ መስኖ በኋላ በድንገት ይገረጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል።

ሥርና ጥቃቅን ነፍሳት ይተነፍሳሉ፤ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአፈሩ ቀዳዳዎች ወጥቶ ወደ አየር ይሄዳል። ቀዳዳዎቹ በውሃ ከተሞሉ ግን መውጫ ያጣና ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ከኖራው ጋር ይገናኛል፣ ባይካርቦኔት ይሆናል። ባይካርቦኔት ደግሞ የአሲድ ማርከሻ ነው። ተክሉ ብረት ለማሟሟት ከሥሩ የሚያወጣትን ጥቂት አሲድ ገና ከመውጣቷ ያከሽፍበታል። የመስኖ ውሃው ራሱ ባይካርቦኔት የበዛበት ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። እንግዲህ በኖራማ አፈር ላይ የሚገረጣ ማሳ ያለው ሰው ብረት ከመግዛቱ በፊት ውሃው የት እንደሚቋጥር ቢመለከት ይበጀዋል። ቦይ መቅደድ የብረት ሕክምና ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ተክሉስ ዝም ብሎ ይራባል?

አይራብም፤ ይታገላል። በዚህ ረገድ ተክሎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ።

አብዛኞቹ ተክሎች፣ ጥራጥሬው፣ ፍራፍሬው፣ አትክልቱ፣ የመጀመሪያው ጎራ ናቸው። ብረት ሲጎድላቸው ከሥራቸው አሲድ እየረጩ በዙሪያቸው ያለውን አፈር ፒኤች ዝቅ ያደርጋሉ፤ ብረትን የሚያሟሙ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ያወጣሉ። ከዚያ በሥራቸው ገጽ ላይ ባለ ኢንዛይም ፌሪኩን ወደ ፌረስ ይለውጡታል፣ ፌረሱን ብቻ የሚያሳልፍ በርም ከፍተው ያስገቡታል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ድክመቱ አሲድ ላይ መመሥረቱ ነው። ባይካርቦኔት ባለበት አፈር ውስጥ ይህ ጎራ ገና መጀመሪያው እርምጃ ላይ ይሸነፋል። ብርቱካን፣ ኮክ፣ ወይን፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ በኖራማ አፈር ላይ ቶሎ የሚገረጡት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጎራ የሣር ዘሮች ናቸው፦ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። እነዚህ አሲድ ላይ አይተማመኑም። ብረትን እንደ ጉጠት የሚይዝ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይልካሉ፤ ጉጠቱ ፌሪኩን ከዝገቱ ፈልቅቆ ይይዘዋል፣ ሥሩም ጉጠቱን ከነያዘው ብረት መልሶ ይስባል። ጃፓናዊው ሴይ-ኢቺ ታካጊ በ1976 የሩዝና የአጃ ሥር የታጠበበት ውሃ ብረት እንደሚያሟሟ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ከገብስ የተለየው ንጥረ ነገር ሙጊኔይክ አሲድ ተባለ፤ «ሙጊ» በጃፓንኛ ገብስና ስንዴን የሚጠራ ቃል ነው። ገብስ ጉጠቱን ቀኑን ሙሉ አያንጠባጥብም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በአንዴ ይለቀዋል። በጥቂት በጥቂቱ ቢያወጣው የአፈር ባክቴሪያዎች ይበሉበት ነበር። ሣር የጠዋት ገበያተኛ መሆኑ ይገርማል።

ሁሉም ሣር እኩል አይደለም። ገብስ በብዛት ያወጣል፤ በቆሎና ማሽላ ያነሰ፣ ሩዝ ደግሞ እጅግ ያነሰ። ሩዝ ግን ውሃ በተኛበት ጭቃ ውስጥ ስለለመደ ከሁለተኛው ጎራ ሆኖም የተሟሟ ፌረስ በቀጥታ የሚያስገባበት በር አለው።

ከዚህ ዕውቀት የተገኘ አንድ ቆንጆ ውጤት አለ። ቻይና ውስጥ በኖራማ አፈር ላይ ብቻውን የተዘራ ኦቾሎኒ ሲገረጣ፣ ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ የተዘራው ግን ይለመልማል። ሥሮቹ የተጠላለፉ ስለሆነ በቆሎው ለራሱ ብሎ ያሟሟው ብረት ለጎረቤቱም ይተርፋል።

ላቦራቶሪ ምን ሊነግረን ይችላል?

አፈሩን ልኮ «ብረት ስንት አለው?» ማለት ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «ብዙ» ነው። የሚጠየቀው ተክሉ ሊያገኘው የሚችለው ስንት እንደሆነ ነው። ለዚህ በብዙ አገር የሚሠራበት ዲቲፒኤ የሚባል፣ ብረት የሚይዝ ፈሳሽ ነው፤ ሊንድሴይና ኖርቬል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ባወጡት ዘዴ ፈሳሹ ከአፈሩ የሚያወጣው ብረት በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ከ4.5 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ብረት ሲያንስ ቶሎ ለሚጎዱ ሰብሎች ያሰጋል። ቁጥሩን ከፒኤች፣ ከኖራ መጠንና ከሰብሉ ዓይነት ነጥሎ ማንበብ ግን ያሳስታል።

የቅጠል ምርመራ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ቢጫ ቅጠል ተመርምሮ የብረቱ መጠን ከአረንጓዴው እኩል፣ አንዳንዴም በልጦ ይገኛል። ባለሙያዎቹ ይህን የክሎሮሲስ እንቆቅልሽ ይሉታል። ብረቱ ቅጠሉ ድረስ ደርሶ ሥራ ላይ ሳይውል ሊቀር ይችላል፤ በዚያ ላይ የተራበ ቅጠል ስለማያድግ ያለችው ብረት በትንሽ አካል ውስጥ ተከማችታ ብዙ ትመስላለች። ቅጠሉ ላይ ያረፈ አቧራም ራሱ ብረት ነው፤ በደንብ ሳይታጠብ ከተመረመረ ውጤቱ የአቧራው ነው።

ብረት ሰልፌት ጨመርኩ፤ ለምን አልሠራም?

ብረት ሰልፌት አረንጓዴ ሰማያዊ ጨው ነው፤ ርካሽ ነው፣ በውሃ ይሟሟል፣ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ፌረስ ብረት ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ያማልላል። ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ላይ ሲበተን ግን ፌረሱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ፌሪክ ተለውጦ ዝገት ይሆናል። 60 ቶን ላይ ጥቂት ኪሎ ዝገት ተጨመረ ማለት ነው።

ሲሚንቶን ያስቡ። ከረጢቱ ውስጥ እስካለ ዱቄት ነው፣ የትም ይወሰዳል። ርጥበት ካገኘው ግን ባለበት ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሆንም። ብረትም ኖራማ አፈር ሲነካው እንዲሁ ነው። ሥሩ ድረስ ሳይደርቅ እንዲደርስ ከተፈለገ ከረጢት ያስፈልገዋል። ያ ከረጢት ኪሌት ይባላል፤ ስሙ የመጣው የሸርጣንን ጉጠት ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። ብረቱን ከየአቅጣጫው ይዞ ከኦክስጅንና ከኖራ የሚጋርድ ሞለኪውል ነው፤ ገብስ ከሥሩ ከሚያወጣው ጋር የሥራ ዘመድ ነው።

ከረጢቶቹ ግን እኩል አይጠነክሩም፤ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች 6.5 አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል፤ ኖራማ አፈር ውስጥ ካልሲየም ብረቱን ገፍቶ ቦታውን ይይዝበታል። ዲቲፒኤ እስከ 7.5 አካባቢ ይችላል። ኢዲዲኤችኤ ግን ፒኤች 9 ላይም ብረቱን አይለቅም። ዱቄቱ ጥቁር ቀይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወይን ጠጅ ይመስላል። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፤ ፒኤቹ ከ7.5 በላይ ለሆነ አፈር በሥር በኩል በእርግጥ የሚሠራውም እሱ ነው። አንድ ምርት 13 በመቶ ብረት አለው ቢባልና ኢዲቲኤ ቢሆን፣ ሌላው 6 በመቶ ብቻ ኖሮት ኢዲዲኤችኤ ቢሆን፣ ለኖራማ አፈር የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ኢዲዲኤችኤ ላይ ደግሞ «ኦርቶ-ኦርቶ» የሚል ሌላ ቁጥር ይፈለጋል፤ ከምርቱ ውስጥ ጠንካራው ከረጢት ምን ያህሉ እንደሆነ የሚናገር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ውጤቱ ይቆያል። ይህ ምርት ብርሃን ስለሚያፈርሰው አፈር ላይ ተበትኖ መተው የለበትም፤ ከውሃ ጋር ሥሩ ድረስ ይገባል ወይም አፈር ይለብሳል። ደግሞም አፈር ስለማይዘው ወዲያው ውሃ ከበዛበት ከሥሩ በታች አልፎ ይሄዳል።

ቅጠል ላይ መርጨትስ?

ይሠራል፤ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ስለሚዘልለው። ብረት ሰልፌትም እዚህ ላይ ቦታ አለው፦ በሊትር ከ5 እስከ 10 ግራም ሟሙቶ፣ ፀሐይ በማይበረታበት ሰዓት፣ ለጋ ቅጠሎች ላይ ይረጫል። መጠኑ ከዚያ ካለፈ ቅጠል ያቃጥላል፣ የነካውን ሁሉም የዝገት ቀለም ይቀባል። ትልቁ እንከኑ ብረት ከቅጠል ወደ ቅጠል በቀላሉ አለመዛወሩ ነው። ዛሬ የተረጨው ይለመልማል፤ ከአሥር ቀን በኋላ የሚወጣው ቢጫ ሆኖ ይመጣል፣ እንደገና ይረጫል። ለአጭር ወቅት ሰብል ሁለት ሦስት ዙር ሊበቃ ይችላል። ለዛፍ አድካሚ ነው፤ ስለዚህም ግንዱን በስተው የብረት ጨው የሚያስገቡ አሉ።

አፈሩን አሲዳማ ማድረግ አይሻልም?

በወረቀት ላይ ይሻላል። ድኝ አፈር ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ኖራ በሌለበት አፈር ወይም በማሰሮ ውስጥ ላለ ተክል፣ ሙቀትና ርጥበት ካለ፣ በወራት ጊዜ ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ኖራማ አፈር ላይ ግን እንደገና ሒሳብ እንሥራ። ኖራው 1 በመቶ ብቻ ነው እንበል። ከ2,000 ቶን አፈር ውስጥ 20 ቶን ኖራ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ድኝ የሚያከሽፈው 3 ኪሎ ያህል ኖራ ስለሆነ ለአንድ ሄክታር 6.4 ቶን ድኝ ያስፈልጋል። ኖራው 10 በመቶ ከሆነ 64 ቶን! ማንም አያደርገውም፤ ማድረግም የለበትም።

መፍትሔው ማሳውን ትቶ ጉድጓዱን መያዝ ነው። ሥር ሁሉ ብረት ማግኘት አያስፈልገውም፤ ጥቂቱ ካገኘ ለሌላው ይበቃል። ስለዚህ ድኝና ብረት ሰልፌት ተደባልቀው፣ ከበሰለ ብስባሽ ጋር፣ በዛፉ ቅርንጫፎች ጥላ ዳርቻ በተቆፈሩ ጥቂት ጉድጓዶች ውስጥ ወይም በመስመር ይቀበራሉ። የበሰለ ብስባሽ ብረትን የሚይዙ የተፈጥሮ ኪሌቶች አሉት። ጥሬ ፍግ ውሃ በሚቋጥር ኖራማ አፈር ላይ መጨመር ግን ሊያብስ ይችላል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያው ባይካርቦኔት ይሆናልና።

የሌላው ማዳበሪያ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ተክል ናይትሮጅንን በአሞኒየም መልክ ሲወስድ የሥሩ ዙሪያ አሲዳማ ይሆናል፤ በናይትሬት መልክ ሲወስድ ተቃራኒው። ፎስፈረስ ማብዛትም ብረትን ያጣብቃል።

ተክሉን መቀየርስ?

ረጅም ዕድሜ ላለው ተክል ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ታሪኩም ማስረጃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለች ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን ሥሮች በልታ ጨረሰች። ነፍሳቷን የሚቋቋሙት የአሜሪካ ወይኖች ስለነበሩ የፈረንሳዩ ወይን ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ይቀጠል ጀመር። ነፍሳቷ ተሸነፈች፤ በኖራማ ኮረብቶች ላይ ግን ተክሎቹ ቢጫ ሆኑ። የተመረጡት ሥሮች ከኖራ ጋር አይተዋወቁም ነበር። በ1887 ፈረንሳዊው የወይን ተመራማሪ ፒየር ቪያላ ኖራ የሚችል ወይን ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተላከ። ቴክሳስ ውስጥ የወይን አዋቂው ቶማስ መንሰን ረዳው፤ በዚያ ባሉ የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ላይ የሚበቅለው ቤርላንዲየሪ የተባለ የዱር ወይን የተፈለገው ሆኖ ተገኘ። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ሥር ለመስደድ ስለሚያስቸግር ከሌሎች ወይኖች ጋር የተዳቀሉ ልጆቹ ናቸው ሥራ ላይ የዋሉት፤ 41ቢ የሚባለው ዛሬም አለ። ኮክ ላይም ከአልሞንድ ጋር የተዳቀለው ጂኤፍ677 የሚባለው ሥር በኖራማ አፈር ላይ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

አኩሪ አተር ላይ ሥር መቀየር የለም፤ ዝርያ መምረጥ ግን አለ፣ በዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። ዘሩን ጠጋ ጠጋ አድርጎ መዝራትም ይረዳል፤ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሥሮች የሚያወጡት አሲድ ተደምሮ አንዱ ብቻውን ያልቻለውን ይችላል።

ብረት ሊበዛስ ይችላል?

ይችላል፤ ግን እዚህ ሳይሆን ተቃራኒው አፈር ላይ። አሲዳማ በሆነ፣ ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ አየር ስለሌለ ዝገቱ ወደ ፌረስ ይመለስና ይሟሟል። ሩዙ በብረት ይጥለቀለቃል። ምልክቱ ከታች፣ ከአሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ይጀምራል፤ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ይሆንና ቅጠሉን የነሐስ መልክ ያስይዘዋል። ሥሩ ሲነቀል ዝገት ለብሶ ይወጣል፤ ሩዙ በራሱ ግንድ በኩል ኦክስጅን ወደ ሥሩ አውርዶ ብረቱን ከደጅ ለማዛግ ሲታገል የተከማቸ ነው። በዚያ ማሳ ላይ የሚደረገው ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ማንጣፈፍ ነው፤ ከዚያም ኖራ ይጨመራል።